የመንታዎቹ ዓረቦን

ሶንያ ዴምቹክ ወንድሟን ኦረስትን የምትበልጠው በሃያ ደቂቃ ነው። በዚህች ሃያ ደቂቃ ስድሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትኮራ ኖራለች። ልደታቸው አንድ፣ ክርስትናቸው አንድ፣ መንጃ ፈቃድ ያወጡባት ቀን እንኳ አንድ ናት። የዚያን ዕለት ኦረስት ፈተናውን አንዲት ስሕተት ሳይሠራ አለፈ። እሷ ሁለት ጊዜ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥታ፣ በፈታኙ ደግነት ለጥቂት አለፈች።

በዚያው ሳምንት አባታቸው የልጆቹን ዓረቦን፣ ለመኪና መድን የሚከፈለውን ዋጋ፣ ሊጠይቅ መድን ቤት ሄደ። የሴቷ የሚቀመስ ነበር። የወንዱ ከእጥፍ በለጠ።

«ይሄኛው ምን አጠፋ?» አለ አባታቸው ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ።

«እስካሁን ምንም» አለው ሰውየው። «ወንድ ስለሆነ ነው።»

ቤተሰቡ የነበረችው አንዲት አሮጌ መኪና ነበረች። በዚያ ዓመት ደግሞ ማሳውን በረዶ ወቅቶት ነበር። ሁለቱም ልጆች ቨርሚሊየን ከተማ ካለው ኮሌጅ የመግቢያ ደብዳቤ ደርሷቸዋል፤ እሷ ለንግድ ሥራ፣ እሱ ለእርሻ ማሽን ጥገና። በየቀኑ አንድ ሰዓት መንዳት ያስፈልጋል። የኦረስት ስም ከመኪናዋ ወረቀት ላይ ከገባ ዋጋው ይሰቀላል። ስለዚህ መኪናዋም ኮሌጁም ለሶንያ ሆኑ። «ለአንድ ዓመት ብቻ ነው» ተባለ። አንድ ዓመት ብሎ ነገር ግን የለም፤ ሰው አንድ ጊዜ ከቀረ የቀረበት ቦታ ያበጀዋል። ኦረስት እርሻው ላይ ቀረ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ሸበተ። ሶንያ ተመርቃ ሎይድሚንስተር ገባችና የመድን ወኪል ሆነች።

ሎይድሚንስተር መሐሏን የሁለት ክፍለ ሀገር ድንበር ያቋረጣት ከተማ ናት። ዋናው መንገድ ላይ ወደ ሰሜን ዞሮ የቆመ ሰው ግራ እግሩ አልበርታ፣ ቀኝ እግሩ ሳስካችዋን ነው። በምዕራቡ በኩል መድን የሚሸጡት ኩባንያዎች ናቸው፤ ወጣት ወንድን ሲያዩ እንደ ክብሪት ያዩታል። በምሥራቁ በኩል የሚሸጠው የመንግሥት መድን ሲሆን፣ የሚጠይቀው እንዴት እንደ ነዳህ ነው እንጂ ወንድ ነህ ሴት ብሎ አይደለም። ታዲያ በዚህች ከተማ ወንድ ልጅ ለመንዳት ሲደርስ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ፣ «ማዶ ዘመድ አለው ወይ?» የሚል ነው። በምሥራቁ በኩል ሚሲስ ኦልሰን የምትባል አንዲት መበለት ነበረች። ባለ አንድ መኝታ ቤቷ ውስጥ በወረቀት ሰባት ጎረምሶች ይኖሩ ነበር፤ አንዱም ደጇን ረግጦ አያውቅም።

የሶንያ ቢሮ በምዕራቡ በኩል ነው። አርባ ዓመት ሠርታበታለች፤ በሰኔ ጡረታ ልትወጣ ነው። በመጋቢት መጀመሪያ፣ በረዶው ገና ሳይለቅ፣ ረቡዕ ጠዋት የኦረስት የልጅ ልጅ ኮልተን በሩን በርግዶ ገባ። ሃያ ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ ከአያቱ፣ ትዕግሥቱ ከማን እንደ ሆነ አይታወቅም።

«አክስቴ፣ ሥራ አገኘሁ!»

«በሩን ዝጋ መጀመሪያ፤ ብርዱ ሳይወስድብህ።»

ሥራው አምቡላንስ ላይ ነው። ሁለት ዓመት የተማረለት፣ ስድስት ቦታ አመልክቶ አምስቱ እምቢ ያሉት ሥራ። ጣቢያው ከከተማው በስተ ምዕራብ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይርቃል። አውቶቡስ የለም፤ ፈረቃው ንጋት ላይ ይጀምራል። የቀጣሪው ደብዳቤ፣ «መድን ያለው የግል መኪና ሰኞ ይዞ ካልቀረበ ቦታው ለቀጣዩ ይሰጣል» ይላል። ኮልተን አንድ ያረጀ ፒክአፕ በአራት ሺህ ዶላር ገዝቷል። መድኑ ብቻ ነው የቀረው።

ሶንያ ኮምፒውተሩን ሳትነካ ዋጋውን ታውቀው ነበር። ቢሆንም ነካችው፤ ከዚያ ማያውን ወደ እሱ አዞረችለት።

«ስድስት ሺህ? ለዓመት? አክስቴ፣ መኪናው ራሱ እኮ አራት ሺህ ነው! እኔ እንኳን ሰው ድመት ገጭቼ አላውቅም!»

«አውቃለሁ።»

«ሴት ብሆንስ?»

ከወዲያኛው ጠረጴዛ ላይ ሮዌና፣ ከፊሊፒንስ መጥታ ስምንት ዓመት አብራት የሠራችው ጸሐፊዋ፣ ቁልፎቹን ጠቅ ጠቅ አደረገችና፣ «አራት ሺህ አይሞላም» አለች።

«ቀሚስ ልግዛ በቃ!»

«በዚህ ጢምህ? ስድስት ሺውን ክፈል፤ ይሻልሃል።»

ኮልተን ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ከካፖርቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። በምሥራቅ በኩል ባለው የባባ ፐርል ቤት እንደሚኖር የሚመሰክር ደብዳቤ ነው። ባባ ፐርል የመንታዎቹ እናት፣ የእሱ ቅድመ አያት ናት። ቤቱ አባታቸው ከሞተ ጀምሮ በሶንያ ስም ስለሆነ ከግርጌው የተተወው ባዶ መስመር ለሶንያ ፊርማ ነው።

«እዚያ ትኖራለህ እንዴ?»

«እሑድ እሑድ ምሳ እበላለሁ።»

«ምሳ መብላት መኖር አይደለም።»

«አክስቴ፣ ከተማው በሙሉ የሚያደርገው ነው!»

«ከተማው በሙሉ የሚያደርገውን አርባ ዓመት አይቼዋለሁ። ሎርንን ታውቀዋለህ? ማዶ አክስቱ ቤት እኖራለሁ ብሎ ሰሌዳ አወጣ። በበረዶ ተንሸራቶ አንዲት አስተማሪ ገጨ። መድኑ ሰው ልኮ የአክስቱን በር አንኳኳ። አሮጊቷ 'ሎርን? በዓመት አንዴ፣ ለገና በዓል ነው የማየው' አለች። አለቀ። የአስተማሪዋን ወገብ ለማሳከም መሬቱን ሸጠ። አንተ ደግሞ በየንጋቱ በበረዶ ላይ ነው የምትነዳው።»

ልጁ ወረቀቱን ቀስ ብሎ አጣጠፈው።

«እውነት ስናገር ስድስት ሺህ፤ ስዋሽ ማዶ ሁለት ሺህ። ታዲያ ውሸታም ያደረገኝ ማነው?» በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። «አያቴ ነግሮኛል፤ አንቺ በርካሽ ስለነዳሽ ነው እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጥሽው። እሱ ደግሞ ስላልቻለ ማሽን ሥር ተኝቶ ይኖራል።»

በሩን ግን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ይህ ከተናገረው ይልቅ ሶንያን ወጋት።

ሮዌና የሻይ ኩባያዋን አስቀመጠች። «ለልጁ አዝኛለሁ» አለች። «ግን ዋጋ ይስተካከል በተባለ ቁጥር የእኔ ነው ከፍ የሚለው። ባሌ ነዳጅ ጉድጓድ ላይ ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ ሁለቱን ልጆች የማመላልሰው እኔ ነኝ። ፀጉር ስቆረጥ ከወንድ በላይ እከፍላለሁ፣ ስቀጠር ከወንድ በታች እከፈላለሁ። አንዲት ቦታ ሴት መሆኔ ቢጠቅመኝ ነውር ነው?»

«ነውር አይደለም።»

«ታዲያ ፊትሽ ለምን ጠቆረ?»

ለደንበኛ ቢሆን ኖሮ ሶንያ አርባ ዓመት የተለማመደችው መልስ ነበራት፤ ከመቶ ወጣት ወንዶች ይህን ያህሉ ይጋጫል፣ ከመቶ ወጣት ሴቶች ያን ያህሉ። እውነት ነው። ቁጥሩ ስንቱ እንደሚጋጭ ያውቃል። የትኛው እንደሚጋጭ ግን አያውቅም፤ ስለማያውቅም ሁሉንም ያስከፍላል። እኛ ሰዎችም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነን። ጎረቤታችንን ለማወቅ ከመድከም የጎረቤታችንን ወገን ማወቅ ይቀለናል፤ የቀለለንንም ፍርድ እንለዋለን።

ከሰዓት በኋላ ቢሮውን ለሮዌና ትታ ወደ እርሻው ነዳች። ኦረስት ከመጋዘኑ ውስጥ፣ መዝሪያው ማሽን ሥር ነበር። ቦት ጫማው ብቻ ይታያል።

«ማን ሞተ?» አለ ከሥር። «በሥራ ቀን መጥተሽ አታውቂም።»

«ማንም አልሞተም። ውጣ።»

«ትልቁን መፍቻ አቀብይኝና እወጣለሁ።»

አቀበለችው። ጥቂት አንኳኳና ወጣ፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ የዘር ከረጢት ላይ ተቀመጠ።

«ስለ ኮሌጁ ለልጁ ምን ብለህ ነው የነገርከው?»

«የሆነውን። ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።»

«ቂም ይዘህብኛል?»

ኦረስት አሰበ። መዋሸት የማያውቅ ሰው ሲጠየቅ ጊዜ ይወስዳል።

«ዐሥር ዓመት ያህል። ከዚያ ደከመኝ። ቂም እንደ ከብት ነው፤ ሣር በማይበቅልበት ወር እንኳ መመገብ አለብህ።»

«ዋጋውን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም እኮ።»

«አላወጣሽም። በኋላ ግን ሸጥሽው።»

ሶንያ ፊቷ ቀላ። «ያን ዓመት ስንት ልጅ እንደ ቀበርን ረሳኸው? በዚህ ወረዳ መንገድ ላይ ስምንት ሞቱ። ሰባቱ ወንዶች ናቸው።»

«የሦስቱን ሣጥን ተሸክሜያለሁ፤ እንዴት እረሳለሁ?»

«ታዲያ ቁጥሩ ዋሸ?»

«አልዋሸም። እኔ ግን ሰባት ሰው አይደለሁም፤ አንድ ነኝ። አንዱን ደግሞ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።» ጨርቁን ጣለው። «ለመሆኑ በዚያች መኪና ስንት ጊዜ ቦይ ገባሽ?»

«ሁለት።»

«ሦስት።»

«ሦስተኛው ቦይ አልነበረም። የማክሌን ኩሬ ነው።»

«ከኩሬው ማን አወጣሽ?»

«አንተ። በትራክተር።»

«ሦስቱንም ጊዜ። መድን ቤቱ ሰምቶ ነበር?»

አልሰማም ነበር። የሶንያ ስም እስከ ዛሬ ንጹሕ የሆነው ወንድሟ በትራክተሩ ስላጠበላት ነው። በዚያ ዓመት ስለ ሴት ነጂዎች ከተጻፈው ቁጥር ውስጥ ሦስት አደጋ ጎድሏል፤ ያጎደለውም ከእጥፍ በላይ ክፈል የተባለው ሰው ነው። ሶንያ ይህን እስከዚያች ቀን አስባው አታውቅም። መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ ግን አልቆየላትም።

«እና ልፈርምለት?»

«አትፈርሚ!» ኦረስት ድምፁን ከፍ ሲያደርግ በዓመት አንዴ ነው። «ያ ልጅ ውሸት በኪሱ ይዞ አምቡላንስ ላይ እንዲወጣ አልፈልግም። ግን 'አይሆንም' ብለሽ ብቻ አትተዪው። እኔን አባባ 'አይሆንም' አለኝ፤ ወሬው እዚያ ላይ ቆመ። አንድ ምሽት እንኳ ቁጭ ብሎ ሌላ መላ የፈለገልኝ ሰው አልነበረም። አንቺም ጭምር፣ ትልቋ።»

ትልቋ ሲላት ዘወትር ትኮራ ነበር። የዚያን ቀን ከበዳት።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት ወደ እናቷ ቤት ተሻገረች። ባባ ፐርል፣ የሰማንያ ስድስት ዓመት ሴት፣ መሰላል ላይ ወጥታ ከጣሪያው ጠርዝ የተንጠለጠለውን በረዶ በመጥረጊያ እንጨት ታረግፋለች።

«እማ! ማነው ይህን አድርጊ ያለሽ?»

«በረዶው።»

«ውረጂ! ወድቀሽ ብትሰበሪስ?»

«ብሰበር የአረጋውያን መጦሪያውን ወረቀት ታስፈርሚኛለሻ! ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቅሽው እሱን አይደል?»

በመከራ አወረደቻትና ወጥ ቤት ገብተው ተቀመጡ። ሶንያ የኮልተንን ነገር አንድ በአንድ ነገረቻት። እናቷ ነገሩ አንድም አልከነከናት።

«ፈርሚለት! ምን ትመጻደቂያለሽ? ሚሲስ ኦልሰን ሰባት አስፍራ መንግሥተ ሰማያት ገብታለች።»

«መግባቷን ማን ነገረሽ?»

«ፓስተሩ። ቀብሯ ላይ። ሰባቱም አልቅሰዋል።»

ሶንያ መሰላሉን ልትመልስ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ምድር ቤቱ ሙቅ ነው፤ መስኮት አለው፤ መታጠቢያ አለው። ከልብስ ስፌት መኪናው ሌላ ዕቃ የለበትም። መሰላሉን አስደግፋ ቆመች። አርባ ዓመት ሙሉ አድራሻ ስትመረምር ኖራለች፤ ሐሰተኛ ሲሆን ታውቃለች፤ ታውቃለችና ትጥላለች። ሐሰት የሆነን አድራሻ እውነት ማድረግ እንደሚቻል ግን አንድም ቀን በሐሳቧ መጥቶ አያውቅም። ልጁ ለምን አይኖርበትም? በደረጃው ስትወጣ ጉልበቷን እንኳ አላመማትም።

«ጠባቂ አልፈልግም» አለች ባባ ሳታስጨርሳት። «በፊት በር እምቢ ብልሽ በጓሮ ልታስገቢብኝ ነው?»

«ጠባቂ አይደለም፤ ተከራይ ነው። ኪራዩ በረዶ መጥረግና መሰላል መውጣት ነው።»

«መሰላሉን እኔ እወጣለሁ።»

«እማ።»

«እሺ፣ በረዶውን ይጥረግ። ጫማውን በር ላይ ያውልቅ። ከርሊንግ የሚባለውን የበረዶ ላይ ጨዋታ በቴሌቪዥን ሳይ አያውራኝ። የሚረብሽ ጎረምሳ ከሆነ ደግሞ አልወስድም፤ እንቅልፌ ቀላል ነው።»

ኮልተን በስልክ ሲሰማ ጮኸ። «ከባባ ጋር? ቴሌቪዥኗን እኮ እኔ እዚህ ምዕራብ ሆኜ ነው የምሰማው!»

«ቅረብና በደንብ ስማው።»

«ጓደኞቼ ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ። አንተ ሥራ አለህ።»

ኮልተን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የምር ልኑር ነው የምትዪኝ?» አለ።

«የምር። አልጋህ፣ ልብስህ፣ የጥርስ ብሩሽህ። አንድ ነገር ደግሞ ስማኝ። ይሄ ዋጋውን ትክክል አያደርገውም። ማዶ አያት የሌለው ስንት ልጅ አለ። አንተ ግን ሰኞ ሥራ ትገባለህ፤ የሚያንኳኳ ቢመጣም በሩን የምትከፍተው አንተ ትሆናለህ።»

«ትናንት ስላልኩሽ ነገር...»

«ትናንት ያልከው እውነት ነው። ዕቃህን ሸክፍ።»

ዓርብ ዕለት ሶንያ አንድ ያልለመደችውን ነገር አደረገች። ኩባንያው በየዓመቱ ለወኪሎቹ የሚልከው መጠይቅ መጨረሻ ላይ «አስተያየት» የሚል ክፍት ቦታ አለ። አርባ ዓመት ባዶውን መልሳዋለች። አሁን ወንበሯን ስባ ጻፈች፤ ሰውን በወንድነቱና በሴትነቱ ሳይሆን በነዳው መጠን አስከፍሉ፤ ቁጥራችሁ ያልሰማቸው ሦስት አደጋዎች አሉ፤ የማንም ሳይሆኑ የእኔ ናቸው። ሮዌና ከትከሻዋ ኋላ ሆና አነበበችው።

«የእኔ ዋጋ ከፍ ካለ ደመወዜን አንቺ ትጨምሪልኛለሽ።»

«አንቺ እኮ በደንብ ትነጃለሽ፤ ለምን ከፍ ይላል? በዚያ ላይ በሰኔ ጡረታ እወጣለሁ።»

«አውቀሽ ነው እስካሁን የቆየሽው!» አለች ሮዌና። ጥቂት አሰበችና ብዕሩን ተቀብላ ከግርጌው የራሷን መስመር ጨመረች፤ ባሏ ሦስት ሳምንት የሚርቅባት እናት በአንድ ጊዜ አይጨመርባት፣ ቀስ እያላችሁ አስተካክሉ። ሶንያ አልሰረዘችውም። ሁለቱም ፈርመው ላኩት። ማን እንደሚያነበው እግዜር ይወቀው፤ ነገር ግን ካልተጻፈ ደብዳቤ የተጻፈ ደብዳቤ ይሻላል።

ቅዳሜ ኦረስት አልጋውን በራሱ መኪና ጭኖ መጣ። አልጋው በምድር ቤቱ ደረጃ አልዞር አለ።

«በጎኑ!» አለች ባባ ከላይ።

«በጎኑ ነው፣ ባባ!» አለ ኮልተን።

«በሌላኛው ጎኑ!»

ኦረስት ብሎኖቹን ፈታ፣ በየክፍሉ አወረዱት፣ ከታች መልሶ ገጠመው። ሶንያ ወረቀቱን ይዛ ቆማ ትጠብቃለች። አንሶላው ተነጠፈ። ልብሱ ተሰቀለ። ኮልተን የጥርስ ብሩሹን ከኪሱ አውጥቶ፣ እንደ መታወቂያ ከፍ አድርጎ አሳያትና መታጠቢያው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ነው ወረቀቱን የልብስ ስፌት መኪናው ላይ ዘርግታ የፈረመችው።

«አሁን ማዶ... ማለቴ እዚሁ፣ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ወዳለው መድን ቤት ሂድ» አለችው። «ሶንያ ልካኝ ነው በላቸው። ደንበኛ ስሰድላቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ ይደንግጡ።»

ኦረስት ደረጃው ላይ ተቀምጦ እጁን ይጠርግ ነበር። ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። አጠገቡ ተቀመጠች። ከላይ ባባ ለከርሊንጉ ድምፅ ስትጨምር ቤቱ ተንቀጠቀጠ።

ሰኞ ማለዳ ሶንያ ገና ቡናዋን ሳታፈላ ስልኩ ጮኸ። እናቷ ናት።

«ምን ሆንሽ፣ እማ?»

«ምን እሆናለሁ? ልጁ ሄደ ልልሽ ነው። በመስኮት አየሁት። የመኪናውን መስታወት አራቱንም ጠረገ፤ አባትሽ ፊት ለፊቱን ብቻ ነበር የሚጠርገው። ቀስ ብሎ ወጣ። መታጠፊያው ላይ ደርሶ ቆመ። ሶንያ፣ መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ የለም! እሱ ግን ቆሞ ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፣ እንደ ገና ግራ አየ። ከዚያ ነው የሄደው።»

ሶንያ ወንበሩን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

«እስቲ ድገሚልኝ» አለቻት። «ከመስታወቱ ጀምረሽ።»